መነሻ ሬጅስተርና የርቀት ወሰን፦ በሜይንፍሬም አሴምብለር ውስጥ የፕሮግራመሩ ቃልና የማሽኑ እውነታ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1964 በአይ.ቢ.ኤም ሲስተም 360 የተጀመረውንና እስከ ዛሬው ዚ አርክቴክቸር የዘለቀውን፣ በመነሻ ሬጅስተር ላይ የተመሠረተ የአድራሻ አሰጣጥ ዘዴ ይመረምራል። በዘዴው ላይ በተለምዶ የሚሰነዘረው ትችት አንድ መነሻ የሚሸፍነው ወሰን 4,096 ባይት ብቻ መሆኑ ነው። ጽሑፉ ግን ሁለት ችግሮች ተለይተው መታየት እንዳለባቸው ያስረዳል። አንደኛው የወሰኑ ጥበት ነው፤ ሁለተኛው አሴምብለሩ አድራሻ የሚያሰላው በፕሮግራመሩ ቃል ብቻ ተመሥርቶ መሆኑ ነው። ኋላ የተጨመሩት ትእዛዞች የመጀመሪያውን ችግር በአመዛኙ አቃልለዋል፤ ሁለተኛውን ግን በከፊል ብቻ ፈትተዋል።

1. መግቢያ

አንድ ትእዛዝ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያለን መረጃ ለማንበብም ሆነ ለመለወጥ የመረጃውን አድራሻ ማግኘት አለበት። አድራሻው በትእዛዙ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሊጻፍ ይችላል፤ አለዚያም ዋናው ክፍል በሬጅስተር ተቀምጦ ትእዛዙ ቀሪውን ብቻ ሊይዝ ይችላል። የሲስተም 360 ነዳፊዎች የመረጡት ሁለተኛውን መንገድ ነው። ምርጫው በከፍተኛ ቋንቋ ለሚጽፍ ሰው አይታይም፤ ሬጅስተሮቹን የሚመድበውና ርቀቱን የሚያሰላው ኮምፓይለሩ ነውና። በአሴምብለር የሚጽፍ ሰው ግን በእያንዳንዱ የፕሮግራሙ ገጽ ላይ ይገናኘዋል።

ጉዳዩ የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለአሥርት ዓመታት ያገለገሉ የአሴምብለር ፕሮግራሞች ዛሬም ይጠገናሉ፣ ይሻሻላሉ፣ ወደ ሌላ ቋንቋም ይተረጎማሉ። ይህን ሥራ የሚያከናውን ባለሙያም ሆነ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን በመሣሪያ የሚተነትን ተመራማሪ፣ እያንዳንዱ አድራሻ ከየት እንደመጣና በምን ማረጋገጫ እንደቆመ ማወቅ ይኖርበታል። ቀጥለው የሚቀርቡት ክፍሎች በመጀመሪያ የዘዴውን አሠራር፣ ከዚያም የተመረጠበትን ምክንያትና ያስከፈለውን ዋጋ፣ በመጨረሻም አስተማማኝነቱን በቅደም ተከተል ይመለከታሉ።

2. የአድራሻው አሠራር

ሲስተም 360 እያንዳንዳቸው 32 ቢት የሚይዙ 16 አጠቃላይ ሬጅስተሮች አሉት፤ ቁጥራቸውም ከ0 እስከ 15 ነው። ማኅደረ ትውስታን የሚጠቅስ ትእዛዝ ለአንድ አድራሻ 16 ቢት ይመድባል። ከእነዚህ ውስጥ 4ቱ ቢቶች የመነሻ ሬጅስተሩን ቁጥር ይይዛሉ፤ የቀሩት 12 ቢቶች ዲስፕሌስመንት የተባለውን፣ ከመነሻው እስከ ተፈላጊው መረጃ ያለውን ርቀት ይይዛሉ። በ12 ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 4,095 ስለሆነ አንድ መነሻ ከራሱ ጀምሮ 4,096 ባይት ብቻ ይሸፍናል። ርቀቱ አሉታዊ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ከመነሻው ኋላ ያለ መረጃ በዚያ መነሻ አይደረስበትም። አንዳንድ ትእዛዞች ኢንዴክስ ሬጅስተር የሚባል ተጨማሪ ሬጅስተርም ይቀበላሉ። በዚህ ጊዜ ማሽኑ የመነሻውን ይዘት፣ የኢንዴክሱን ይዘትና ርቀቱን ደምሮ አድራሻውን ያገኛል።

ለምሳሌ በአሥራ ስድስት መሠረት ቁጥር 58 50 90 64 ተብሎ የተጻፈውን ባለ አራት ባይት ትእዛዝ እንመልከት። 58 አራት ባይት ከማኅደረ ትውስታ ወደ ሬጅስተር ለመጫን የሚያገለግለው የተግባር ኮድ ነው። 5 ተቀባዩ ሬጅስተር ነው፤ ተከታዩ 0 ኢንዴክስ አለመኖሩን ያመለክታል። 9 የመነሻ ሬጅስተሩ ቁጥር ሲሆን 064 ደግሞ ርቀቱ፣ ማለትም በአሥር መሠረት 100 ነው። ሬጅስተር 9 በዚያ ቅጽበት 20,000 ይዞ ከሆነ መረጃው የሚነበበው ከአድራሻ 20,100 ነው። ሬጅስተሩ ሌላ ቁጥር ይዞ ከሆነ ያው ትእዛዝ፣ አንዲት ቢት ሳትለወጥ፣ ከሌላ ስፍራ ያነብባል።

ሬጅስተር 0 የተለየ ሕግ አለው። በመነሻነትም ሆነ በኢንዴክስነት ሲጠቀስ ይዘቱ አይወሰድም፤ በምትኩ ዜሮ ይታሰባል። በመሆኑም የመጀመሪያዎቹ 4,096 ባይቶች ያለ ምንም መነሻ ይደረስባቸዋል። ማሽኑና ስርዓተ ክወናው ማቋረጫ በደረሰ ጊዜ የሚጠቀሙባቸው ቋሚ ስፍራዎች በዚህ ክልል መገኘታቸው ከዚህ ሕግ ጋር የተያያዘ ነው፤ አንድም ሬጅስተር ገና ባልተዘጋጀበት ሰዓት ሊደረስባቸው ይገባልና።

ፕሮግራሙ መነሻውን የሚያገኘው በመጀመሪያ ትእዛዙ ነው። በጥንቱ ልማድ «ባልር» የተሰኘው ባለ ሁለት ባይት ትእዛዝ ለዚህ ያገለግላል፤ ሁለተኛው ሬጅስተሩ 0 ሲሆን ዝላይ ሳያደርግ የተከታዩን ትእዛዝ አድራሻ በመጀመሪያው ሬጅስተር ያኖራል። ፕሮግራሙ በአድራሻ 20,000 ላይ ተጭኖ የመጀመሪያው ትእዛዝ ይህ ከሆነ ሬጅስተር 9 የሚይዘው 20,002 ነው፤ የሚሸፍነውም እስከ 24,097 ያለውን ክልል ነው። ያው ፕሮግራም በሌላ ቀን በ60,000 ላይ ቢጫን መነሻው 60,002 ይሆናል፤ በውስጡ ያሉት ትእዛዞች ግን እንዳሉ ይቆያሉ።

3. 12 ቢት የተመረጠበት ምክንያት

ጂን አምዳል፣ ጌሪት ብላውና ፍሬድሪክ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1964 የሲስተም 360ን አርክቴክቸር ባስተዋወቁበት ወቅት ማኅደረ ትውስታ ውድ ነበር። የአነስተኛው ሞዴል 30 ዝቅተኛ መጠን 8,192 ባይት ነበር። በአንጻሩ አርክቴክቸሩ የ24 ቢት አድራሻ ስለፈቀደ እስከ 16,777,216 ባይት ድረስ መድረስ ነበረበት። ትንሹም ትልቁም ሞዴል አንድ ዓይነት ትእዛዝ ይቀበል ዘንድ፣ ለትልቁ የሚበቃ አድራሻ ትንሹን እንዳያጨናንቀው ማድረግ ያስፈልግ ነበር።

ቁጥሩ ሲሰላ ምክንያቱ ግልጽ ይሆናል። ከላይ የታየው የመጫን ትእዛዝ ለተግባር ኮዱ 8 ቢት፣ ለሁለቱ ሬጅስተሮች 8 ቢት፣ ለመነሻውና ለርቀቱ 16 ቢት፣ በድምሩ 32 ቢት ወይም 4 ባይት ይወስዳል። በ16ቱ ቢት ምትክ ሙሉው የ24 ቢት አድራሻ ቢጻፍ ድምሩ 40 ቢት ይሆናል። የሲስተም 360 ትእዛዞች ርዝመት የ16 ቢት ብዜት ስለሆነም ወደ 48 ቢት ከፍ ማለቱ አይቀርም። እንዲህ ያሉ አንድ ሺህ ትእዛዞች በ4,000 ባይት ፋንታ 6,000 ባይት ይፈጁ ነበር። ሁለት አድራሻ የሚጠቅሱት ትእዛዞችም ከ6 ወደ 8 ባይት ባደጉ ነበር። 8,192 ባይት ላለው ማሽን ይህ ልዩነት ፕሮግራሙ መግባቱን ወይም አለመግባቱን የሚወስን ነው።

ሌላው ጥቅም ኋላ ላይ ጎልቶ ታይቷል። ትእዛዙ የያዘው የሬጅስተር ቁጥርና አጭር ርቀት ብቻ ስለሆነ አድራሻው ሲሰፋ የትእዛዙ ቅርጽ መለወጥ አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ1983 አድራሻው ወደ 31 ቢት፣ በ2000 ደግሞ ወደ 64 ቢት ሲያድግ የሰፋው የሬጅስተሩና የስሌቱ ይዘት ነው። የ1964ቱ የመጫን ትእዛዝ ቅርጽ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ይሁንና ዘዴው ፕሮግራምን በሥራ መካከል ለማዛወር አልበቃም። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት የትም ሊጫን ይችላል፤ ከጀመረ በኋላ ግን መነሻዎቹ በአጠቃላይ ሬጅስተሮች ውስጥ፣ ከተራ ቁጥሮች ጋር ተቀላቅለው ይቀመጣሉ። ወደ ማኅደረ ትውስታም ይገለበጣሉ። ስርዓተ ክወናው የትኛው ቁጥር አድራሻ፣ የትኛው ደግሞ ብዛት ወይም ዋጋ እንደሆነ የሚለይበት ምልክት የለውም። ማሽኑ በሬጅስተር ውስጥ ያለን ቁጥር ምንነት አለማወቁ በክፍል 5 ለሚነሳው ጉዳይም መሠረት ነው።

4. የወሰኑ ዋጋ

የጠባብ ወሰን ዋጋ የሚከፈለው በሬጅስተር ነው። በተለመደው የፕሮግራሞች አጠራር ስምምነት ሬጅስተር 13 ሬጅስተሮች የሚቆዩበትን ባለ 72 ባይት ስፍራ ያመለክታል፤ 14 የመመለሻ አድራሻን፣ 15 የተጠሪውን ፕሮግራም መግቢያ ይይዛል። 0 እና 1 ለመረጃ መቀባበያ ይውላሉ። በነጻነት የሚሠራባቸው ከ2 እስከ 12 ያሉት 11 ሬጅስተሮች ናቸው። አሁን 40,000 ባይት ርዝመት ያለውን ፕሮግራም እናስብ። 40,000 ለ4,096 ሲካፈል ከ9 ስለሚበልጥ ፕሮግራሙን ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን 10 መነሻዎች ያስፈልጋሉ። ለስሌት፣ ለመቁጠሪያና የውጭ መዛግብትን ለማመልከት የሚተርፈው አንድ ሬጅስተር ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም በተግባር ሊጻፍ አይችልም ማለት ይቻላል።

ተጨማሪ መነሻ ማዘጋጀት ራሱ በወሰኑ ይታሰራል። ሬጅስተር 9ን መነሻ ያደረገ ፕሮግራም ሬጅስተር 10ን ከእርሱ 4,096 ባይት አርቆ ለማስቀመጥ ቢፈልግ፣ አድራሻ የሚጭነው ትእዛዝ 4,096ን በርቀትነት መቀበል አይችልም፤ ጣሪያው 4,095 ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ 4,095 ይጨመራል፣ ቀጥሎ በሌላ ትእዛዝ 1 ይጨመራል። በቀደሙት ፕሮግራሞች መግቢያ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ይህ የሁለት ትእዛዞች ጥንድ አንባቢን ግራ ሊያጋባ ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ይህ ብቻ ነው።

ፕሮግራመሮች ለዚህ ያበጁት መፍትሔ ፕሮግራሙን በትናንሽ ክፍሎች መከፋፈል ነበር። እያንዳንዱ ክፍል ከ4,096 ባይት ካላለፈና ሲጠራ የራሱን መነሻ ካዘጋጀ አንድ ሬጅስተር ይበቃል። በዚህ ረገድ ወሰኑ የፕሮግራሞችን አወቃቀር ቀርጿል፤ ችግሩም ቢሆን ከባድ እንጂ ስውር አይደለም። መረጃው ከወሰን ውጭ ሲሆን አሴምብለሩ አድራሻ ሊሰጥ እንደማይችል በስሕተት መልእክት ያስታውቃል፤ ፕሮግራመሩም ሳያስተካክል አያልፍም።

5. የ«ዩዚንግ» ቃል

አሴምብለሩ ለአንድ ስም መነሻና ርቀት የሚመርጠው «ዩዚንግ» በተባለው መመሪያ አማካይነት ነው። መመሪያው «ከዚህ ቦታ ጀምሮ ያሉትን ስሞች ስትተረጉም ሬጅስተር 9 ይህን አድራሻ እንደያዘ ቁጠር» የሚል መልእክት አለው። ተቃራኒው «ድሮፕ» ሲሆን የተሰጠውን ቃል ይሽራል። ሁለቱም በማሽን ቋንቋ አንድም ባይት አያመነጩም። «ዩዚንግ» ሬጅስተሩን አይጭንም፤ አሴምብለሩም ሬጅስተሩ መጫኑን አያጣራም። ማሽኑ በበኩሉ እንዲህ ያለ ቃል መሰጠቱን አያውቅም። አሴምብለሩ የሚቆጣጠረው ርቀቱ በወሰን ውስጥ መሆኑን እንጂ መነሻው እውነት መሆኑን አይደለም።

ይህ ክፍተት የሚያስከትለውን ለማየት ሁለት ምሳሌዎች በቂ ናቸው። በመጀመሪያው ምሳሌ ሬጅስተር 8 የአንድን የደመወዝ መዝገብ ቅርጽ እንዲያመለክት በ«ዩዚንግ» ተመድቧል፤ የደመወዙ መስክም ከመዝገቡ መጀመሪያ በ12 ባይት ርቀት ላይ ይገኛል። የመዝገቡ ሥራ ካበቃ በኋላ ፕሮግራመሩ ሬጅስተር 8ን ለመቁጠሪያነት ወስዶ 40 ያኖርበታል፤ «ድሮፕ» ግን አይጽፍም። ከዚያ በታች የደመወዙ መስክ በስሙ ቢጠራ አሴምብለሩ ያለ ማመንታት ሬጅስተር 8ንና ርቀት 12ን ይጽፋል። ማሽኑ 40 እና 12 ደምሮ ከአድራሻ 52 ያነብባል። ስፍራው ከንባብ ካልተከለከለ ምንም ማቋረጫ አይነሳም፤ ከስርዓተ ክወናው ክልል የተነሱ አራት ባይቶች እንደ ደመወዝ ይቆጠራሉ። በኋለኞቹ ማሽኖች የዝቅተኛ አድራሻ መከላከያ በሥራ ላይ ከሆነ ወደዚያ መጻፍ ይታገዳል። ይሁንና መቁጠሪያው ትልቅ ሆኖ ድምሩ በፕሮግራሙ የራሱ ክልል ውስጥ ቢያርፍ መጻፉም በዝምታ ያልፋል፤ የሚበላሸውም ከደመወዙ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው መረጃ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የበለጠ ስውር ነው። አንድ ፕሮግራም የነባሩን መዝገብ አንድ መስክ ወደ አዲስ መዝገብ መገልበጥ አለበት እንበል። ሁለቱ መዛግብት አንድ ቅርጽ ስላላቸው ፕሮግራመሩ ለዚያው ቅርጽ ሬጅስተር 7ንም ሬጅስተር 8ንም በ«ዩዚንግ» ይመድባል። አሴምብለሩ አንድን ስም በሁለት መነሻዎች መፍታት ሲችል አነስተኛውን ርቀት የሚሰጠውን ይመርጣል፤ ርቀቶቹ እኩል ሲሆኑ በቁጥር የሚበልጠውን ሬጅስተር ይወስዳል። እዚህ ርቀቶቹ ሁልጊዜ እኩል ናቸው፤ ስለዚህ ምንጩም መድረሻውም በሬጅስተር 8 ይፈታሉ። ትእዛዙ መስኩን በራሱ ላይ ይገለብጣል። ሁለቱም ሬጅስተሮች ትክክለኛ አድራሻ ይዘዋል፣ ርቀቱም ትክክል ነው፣ የማሽን ማቋረጫም የለም፤ አዲሱ መዝገብ ግን መስኩን አላገኘም።

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም ከፍተኛ ደረጃ አሴምብለር እንዲህ ያሉ መደራረቦችን በማስጠንቀቂያ ያሳውቃል። ማስጠንቀቂያው ግን ትርጉሙን አያስቆምም፤ በአማራጭም ሊዘጋ ይችላል። ዘላቂው መፍትሔ ያው አሴምብለር ያስተዋወቀው ስም ያለው «ዩዚንግ» ነው። በዚህ አጻጻፍ እያንዳንዱ «ዩዚንግ» መለያ ስም ይሰጠዋል፤ መስኩም «የነባሩ» ወይም «የአዲሱ» ተብሎ በመለያው ይጠራል። ፕሮግራመሩ የትኛውን መነሻ እንደፈለገ በግልጽ ስለሚናገር አሴምብለሩ በራሱ ሕግ ለመምረጥ አይገደድም። ከዚህም ሌላ የ«ዩዚንግ» ክልል ማብቂያው ሊጻፍ ይችላል፤ ለምሳሌ መዝገቡ 80 ባይት ብቻ ከሆነ መነሻው ከ80 ባይት በላይ እንዳያገለግል ይደረጋል። እነዚህ መሣሪያዎች የቃሉን ወሰን ያጠባሉ፣ ለማን እንደተሰጠም ያሳያሉ፤ እውነትነቱን ግን አሁንም አያረጋግጡም።

6. የወሰኑ መስፋት ምን ለወጠ?

እ.ኤ.አ. በ2003 ከዚ 990 ማሽን ጋር የመጣው የረጅም ርቀት ችሎታ ለርቀቱ 20 ቢት መደበ። ቁጥሩም ምልክት ያለው ሆነ፤ ስለዚህ ከ524,288 ባይት ኋላ እስከ 524,287 ባይት ፊት ድረስ በአንድ መነሻ መድረስ ተቻለ። በድምሩ 1,048,576 ባይት፣ ማለትም የቀድሞው ወሰን 256 እጥፍ ነው። አሠራሩም ነባር ፕሮግራሞችን እንዳያውክ ተደርጓል። ዝቅተኞቹ 12 ቢቶች በቀድሞው ስፍራቸው ቀሩ፤ ከፍተኞቹ 8 ቢቶች ደግሞ በአንዳንድ ባለ 6 ባይት ትእዛዞች ውስጥ ሳይሠራበት በቆየ ባይት ገቡ። ያ ባይት ዜሮ ከሆነ ርቀቱ እንደ ጥንቱ ከ0 እስከ 4,095 ይነበባል። ዋጋው የትእዛዙ ርዝመት ነው፤ በ4 ባይት ይጻፍ የነበረው የመጫን ትእዛዝ በረጅም ርቀት ሲጻፍ 6 ባይት ይወስዳል።

ሌላው ለውጥ ከዚህ ይለያል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተጨመሩት አንጻራዊ የዝላይ ትእዛዞች መነሻ ሬጅስተር ከናካቴው አያስፈልጋቸውም። ርቀቱ የሚቆጠረው ከትእዛዙ ከራሱ አድራሻ ነው። በ16 ቢት የሚጻፈው ዓይነት በሁለት ባይት አሃድ ስለሚቆጠር ከ65,536 ባይት ኋላ እስከ 65,534 ባይት ፊት ይደርሳል፤ በ32 ቢት የሚጻፈው ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ እስከ 4 ጊጋባይት ገደማ ይሄዳል። አድራሻን በዚሁ መንገድ ወደ ሬጅስተር የሚጭን ትእዛዝም አለ። የእነዚህ ትእዛዞች ትርጉም ከወሰን ስፋት ያልፋል። ማሽኑ የራሱን ትእዛዝ አድራሻ ምንጊዜም ያውቃል፤ አሴምብለሩም በሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን ልዩነት ራሱ ያሰላል። በመካከል ሐሰት ሊሆን የሚችል የፕሮግራመር ቃል የለም።

የአንጻራዊ አድራሻ ጥቅም ግን ከትእዛዙ በቋሚ ርቀት ላይ ላሉ ነገሮች ብቻ ነው። ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሳለ ከስርዓተ ክወናው የሚቀበለው ስፍራ፣ ከፋይል የሚነበብ መዝገብ ወይም ከጠሪው የሚተላለፍ መረጃ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ሁሉም በመነሻ ሬጅስተር መጠራት አለባቸው። በተጨማሪም መስክን ከመስክ የሚገለብጡትና የአሥርዮሽ ስሌት የሚሠሩት ነባር ባለ ሁለት አድራሻ ትእዛዞች ዛሬም የ12 ቢት ርቀት ብቻ ይቀበላሉ። የሒሳብና የመዝገብ ሥራ በብዛት የሚሠራው በእነዚህ ነው። በመሆኑም በተሻሻሉ ፕሮግራሞች የሚመረጠው አወቃቀር ዝላዮችን ወደ አንጻራዊ ትእዛዞች መለወጥ፣ የማይለወጡ ዋጋዎችን በአንድ ስፍራ ሰብስቦ በአንድ መነሻ መሸፈን፣ ቀሪዎቹን ሬጅስተሮችም ለመዛግብት ማዋል ነው። በክፍል 4 የታየው ባለ 40,000 ባይት ፕሮግራም የማይለወጡ ዋጋዎቹ ከ4,096 ባይት ካላለፉ በ10 መነሻዎች ፋንታ በአንድ ሊሠራ ይችላል።

ሰፊው ርቀት አንድ የማይታይ ጉዳትም አለው። ጠባቡ ወሰን ሳይታሰብ የመፈተሻ አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ፕሮግራመሩ ትክክለኛውን «ዩዚንግ» ሲዘነጋ፣ የተፈለገው ስም ከሌሎቹ መነሻዎች ከ4,096 ባይት በላይ ርቆ ከሆነ፣ አሴምብለሩ አድራሻ ማጣቱን ያሳውቅ ነበር። በረጅም ርቀት ትእዛዝ ግን በዚያው ክፍል ውስጥ ሳይሻር የቀረ አንድ አሮጌ «ዩዚንግ» ካለ ስሙ በእርሱ ሊፈታ ይችላል። የስሕተት መልእክቱ ይቀራል፤ ስሕተቱ ግን ወደ ሥራ ሰዓት ይሸጋገራል። ስለዚህ ወሰኑ በሰፋ ቁጥር ያገለገለን «ዩዚንግ» በወቅቱ መሻር ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ይሆናል።

7. ማጠቃለያ

መነሻንና ርቀትን ያጣመረው አድራሻ የትእዛዝን ርዝመት በመቆጠብ ተጀምሮ፣ አድራሻው ከ24 ወደ 64 ቢት ሲያድግ የትእዛዙን ቅርጽ ሳያስለውጥ ዘልቋል። የ4,096 ባይት ወሰን ያስከተለው የሬጅስተር እጥረት ከባድ ቢሆንም ራሱን የሚያጋልጥ ችግር ነበር፤ አንጻራዊና ረጅም ርቀት ያላቸው ትእዛዞችም በአመዛኙ አቃልለውታል። በአሴምብለሩ ግምትና በሬጅስተሩ እውነተኛ ይዘት መካከል ያለው ክፍተት ግን ለዝላይና ለቋሚ መረጃ እንጂ በሥራ ሰዓት ለሚገኝ መረጃ አልተዘጋም።

ከዚህ የሚከተለው የአሠራር ምክር ነባር ፕሮግራምን የሚያጠና ሰው አድራሻዎቹን በሦስት ምድብ እንዲለይ ነው፦ በአንጻራዊ ትእዛዝ የሚጠሩ፣ በፕሮግራሙ የራሱ መነሻ የሚጠሩና በመዝገብ መነሻ የሚጠሩ። ለመጀመሪያው ምድብ የአሴምብለሩ ስሌት ይበቃል። ለሁለተኛው መነሻው መግቢያው ላይ መጫኑንና እስከ መጨረሻው አለመነካቱን ማረጋገጥ ይበቃል። ሦስተኛው ግን በእያንዳንዱ የፕሮግራሙ መንገድ ላይ፣ ከ«ዩዚንግ» እስከ «ድሮፕ» ድረስ፣ ሬጅስተሩ የተባለውን አድራሻ ስለመያዙ መከታተልን ይጠይቃል። የጥገናም ሆነ የትንተና መሣሪያ ጥረት ይበልጥ ሊውል የሚገባው በዚህ ምድብ ላይ ነው።